የልጆች የኢንፍሉዌንዛ ክትባትና ወደ ወላጅ ስልክ የሚላከው ማስታወሻ

የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ከሌሎች የልጅነት ክትባቶች የሚለየው ተወስዶ የማያልቅ በመሆኑ ነው። የኩፍኝ ክትባት ሁለት ጊዜ ከተሰጠ ጉዳዩ ይዘጋል፤ የኢንፍሉዌንዛው ግን በየዓመቱ እንደ አዲስ ይጀመራል። በቫይረሱ የላይኛ ሽፋን ላይ ያሉት ፕሮቲኖች ጥቂት በጥቂት ስለሚለዋወጡ አምና የተገኘው መከላከያ ዘንድሮ ለሚዘዋወረው ዝርያ ላይበቃ ይችላል። ክትባቱ የሰጠው አቅምም ወራት በተቆጠሩ መጠን እየሳሳ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት የዓለም ጤና ድርጅት ክትባቱ የትኞቹን ዝርያዎች መያዝ እንዳለበት በዓመት ሁለት ጊዜ ምክሩን ያወጣል፤ በፌብሩዋሪ ለሰሜኑ ንፍቀ ክበብ፣ በሴፕቴምበር ለደቡቡ። ከዚያ በኋላ አምራቾች ስድስት ወር ያህል ያስፈልጋቸዋል። አብዛኛው ክትባት ዛሬም የሚመረተው ቫይረሱን በዶሮ እንቁላል ውስጥ በማሳደግ ስለሆነ ሥራው በችኮላ አይሠራም።

ክትባቱ ክሊኒክ ከደረሰ በኋላ ወላጅ ያለው ጊዜ ጠባብ ነው። በአሜሪካ የሚመከረው እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ድረስ እንዲወሰድ ነው፤ ሰውነት መከላከያውን ለማዳበር ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል፣ በሽታው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚከፋው በፌብሩዋሪ አካባቢ ነው። የጨቅላ ሕፃን ክትባቶች የራሳቸው ቀጠሮ አላቸው፤ ሐኪሙ ልጁን በሁለተኛው፣ በአራተኛውና በስድስተኛው ወር ሲያየው ክትባቱም አብሮ ይሰጣል። ጤነኛ የሆነ የሰባት ወይም የአሥር ዓመት ልጅ ግን በመፀው ወራት ክሊኒክ የሚሄድበት ሌላ ጉዳይ የለውም። ለአንድ መርፌ ብቻ ተብሎ ከሥራ መቅረት፣ ልጅን ከትምህርት ቤት ማስወጣት፣ አውቶቡስ መጠበቅ ያስፈልጋል። ብዙ ልጆች ክትባቱ ሳይደርሳቸው የሚከርሙትም ወላጆቻቸው እምቢ ስላሉ ብቻ አይደለም፤ ነገሩ ከሳምንት ወደ ሳምንት እየተላለፈ ክረምቱ ስለሚያልፍም ነው። ወደ ወላጅ ስልክ የሚላክ አጭር የጽሑፍ መልእክት ምን ያህል እንደሚጠቅምና የት ላይ እንደሚያቆም የሚወስነው በእምቢታና በመዘግየት መካከል ያለው ይህ ልዩነት ነው።

የአሜሪካ የክትባት መመሪያ ለልጆች የሰፋው ደረጃ በደረጃ ነው። የፌዴራሉ የክትባት አሠራር አማካሪ ኮሚቴ በመጀመሪያ ከ6 እስከ 23 ወር ያሉትን፣ በ2006 እስከ አምስተኛ ዓመታቸው ያሉትን፣ በ2008 ደግሞ እስከ 18 ዓመት ያሉትን ሁሉ አካተተ። በ2010 ምክሩ ከ6 ወር በላይ ለሆነ ሰው ሁሉ ሆነ። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) በአንድ ጊዜ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ልጆች በየዓመቱ መከተብ አለባቸው ሲባል ጥያቄው ከሕክምና ይልቅ የአደረጃጀት ሆነ፤ ያን ሁሉ ወላጅ በሁለት ወር ውስጥ ማን ይጠራዋል?

ጉዳዩ ቀላል ጉንፋን አይደለም። በ2017 እና 2018 መካከል በነበረው የኢንፍሉዌንዛ ወቅት በአሜሪካ ከ180 በላይ ልጆች መሞታቸው ተመዝግቧል፤ በ2024 እና 2025 መካከል በነበረው ደግሞ ቁጥሩ ከ250 አልፏል። በኢንፍሉዌንዛ ከሚሞቱት ልጆች ብዙዎቹ በዚያ ዓመት ያልተከተቡ ወይም ክትባታቸውን ያላሟሉ እንደሆኑ የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠርና መከላከል ማዕከል ደጋግሞ ዘግቧል። ክትባቱ ፍጹም አይደለም፤ ዝርያው በደንብ በተገጣጠመባቸው ዓመታት ሐኪም ዘንድ የሚያደርስ ሕመምን የመቀነስ አቅሙ ከ40 እስከ 60 ከመቶ ነው። ይህ ከኩፍኝ ክትባት ጋር ሲነጻጸር ዝቅ ያለ ነው፤ የወላጅን ጉጉት ከሚያቀዘቅዙት ነገሮች አንዱም ይኸው ነው። «አስከትቤው ነበር፣ ታመመ» የሚል ወሬ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ይሄዳል፤ ተከትቦ ሆስፒታል ሳይገባ የቀረውን ልጅ ግን ማንም አያወራለትም።

ወላጅን ማስታወስ በስልክ መልእክት አልተጀመረም። ክሊኒኮች ለአሥርት ዓመታት ፖስት ካርድ ልከዋል፣ ደብዳቤ ጽፈዋል፣ ነርስ ቁጭ ብላ እንድትደውል አድርገዋል፣ በኋላም የተቀዳ ድምፅ የሚያሰማ አውቶማቲክ ጥሪ ተጠቅመዋል። እነዚህን ሁሉ በአንድነት የመረመረውና በ2018 የታተመው የኮክሬን ግምገማ 75 ጥናቶችን አካቶ ነበር፤ ማስታወሻ የደረሳቸው ሰዎች የክትባት ሽፋን ካልደረሳቸው በአማካይ በ8 የመቶኛ ነጥብ ያህል እንደሚበልጥ ደምድሟል። ማስታወስ ይሠራል የሚለው እንግዲህ አከራካሪ አይደለም። ፖስት ካርድ ግን ቤት የቀየረን አያገኝም፣ የነርስ ጥሪ ውድ ነው፣ የተቀዳውን ድምፅም ሰው ገና ሳይጨርስ ይዘጋዋል። የጽሑፍ መልእክት በርካሽ ይላካል፣ ተቀባዩ በሚመቸው ሰዓት ያነበዋል፣ ስልኩም ላይ ይቆይለታል።

በዚህ ዘርፍ በብዛት የሚጠቀሰው ሙከራ የተካሄደው በኒውዮርክ ከተማ ነው። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዋ የሕፃናት ሐኪም ሜሊሳ ስቶክዌልና ባልደረቦቿ በ2010 መፀው በአራት የማኅበረሰብ ክሊኒኮች የሚታከሙ 9,213 ልጆችን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። ዕድሜያቸው ከ6 ወር እስከ 18 ዓመት ነበር። 88 ከመቶ የሚሆኑት የመንግሥት የጤና መድን ተጠቃሚዎች ናቸው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቤተሰቦች ስፓኒሽ ተናጋሪ ነበሩ። ድሃ ቤተሰብ ከሆነ ዋጋው ነው እንቅፋቱ ብሎ መገመት ይቀላል፤ ነገር ግን በአሜሪካ ከ1994 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የልጆች ክትባት ፕሮግራም ለእንደነዚህ ዓይነት ልጆች ክትባቱን በነፃ ያቀርባል። የጎደለው ገንዘብ ሳይሆን መምጣት ነበር።

ሁለቱም ቡድኖች የተለመደውን አውቶማቲክ የስልክ ጥሪ አገኙ። አንደኛው ቡድን ከዚያ በተጨማሪ በሳምንት አንድ እየሆነ በጠቅላላው እስከ አምስት የሚደርሱ የጽሑፍ መልእክቶች ተላኩለት። መልእክቶቹ ስለ በሽታውና ስለ ክትባቱ አጭር ማብራሪያ የያዙ ሲሆን ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆችን ለመከተብ ብቻ ክሊኒኩ ክፍት እንደሚሆንም ይነግሩ ነበር። ከመልእክቱ ጀርባ ደግሞ ኤሌክትሮኒክ የክትባት መዝገብ አለ፤ ልጁ በመካከሉ ከተከተበ መዝገቡ ያንን ያውቃል፣ ቀጣዩ መልእክትም ለቤተሰቡ አይላክም።

መልእክቱ ከመጀመሩ በፊት የተከተቡት ልጆች ከስሌቱ ሲወጡ 7,574 ቀሩ። እስከ ኖቬምበር 30 ቀን 2010 ድረስ መልእክት ከደረሳቸው 27.1 ከመቶ፣ ካልደረሳቸው 22.8 ከመቶ ተከተቡ። እስከ ማርች 31 ቀን 2011 ድረስ ደግሞ ቁጥሮቹ 43.6 እና 39.9 ሆኑ። ልዩነቱ መጀመሪያ 4.3 ነጥብ፣ በመጨረሻ 3.7 ነጥብ መሆኑ ነው። ውጤቱ በ2012 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ታተመ።

ይህ ቁጥር ትልቅ ነው ወይስ ትንሽ? ከአንድ ወላጅ አንጻር ትንሽ ነው፤ ከነበረው በላይ አንድ ልጅ እንዲከተብ ለ27 ቤተሰብ ያህል መልእክት መላክ ነበረበት። ሃያ ስድስቱ ወይ ቀድሞውንም ሊመጡ ነበር፣ ወይ መልእክቱ ደርሷቸውም አልመጡም። ከከተማ አንጻር ሲታይ ግን ስሌቱ ይለወጣል። መልእክት መላክ ከሞላ ጎደል ወጪ የለውም፣ አንዴ ከተዘጋጀ ለአንድ ሺህም ለመቶ ሺህም ልጅ የሚጠይቀው ሥራ ተመሳሳይ ነው፤ 100,000 ያልተከተቡ ልጆች ባሉበት ከተማ ተመሳሳይ ውጤት ቢገኝ 3,700 ተጨማሪ ልጆች ይከተባሉ። በዚያ ላይ የንጽጽሩ ቡድን ባዶ እጁን አልነበረም፤ የስልክ ጥሪ ደርሶታል። ልዩነቱ የተለካው ምንም ካልተደረገለት ሳይሆን አንድ ጊዜ ከታወሰ ቤተሰብ ጋር ነው። ያም ሆኖ ሌላው የሠንጠረዡ ገጽታ ሊሸፈን አይገባም፤ መልእክት ከደረሳቸውም መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ልጆች ክረምቱን ያሳለፉት ሳይከተቡ ነው።

የልዩነቱ መጥበብም ትርጉም አለው። በኖቬምበር የነበረው ርቀት እስከ ማርች ድረስ በጥቂቱ ተሸርሽሯል፤ ይህም ከመልእክቱ ጥቅም ከፊሉ የማይመጣውን ማምጣት ሳይሆን የሚመጣውን ማፍጠን መሆኑን ያመለክታል። ለሌላ ክትባት ቢሆን ይህ ደካማ ስኬት ይባል ነበር። ለኢንፍሉዌንዛ ግን ቀን ራሱ ዋጋ አለው፤ በማርች የሚከተብ ልጅ የበሽታው ከፍተኛ ወር አልፎበታል።

ከዚህ የበለጠ ውጤት የታየው ጉዳዩ ጠበብ ባለበት ቦታ ነው። ከ6 ወር እስከ 8 ዓመት ያለ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከተብ በዚያው ዓመት ሁለት መርፌ ያስፈልገዋል፣ በመካከላቸውም ቢያንስ አራት ሳምንት ሊኖር ይገባል። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። እነስቶክዌል በ2012 መፀው የጀመሩትና በ2015 ያሳተሙት ሙከራ የመጀመሪያውን የወሰዱ 660 ልጆችን ለሦስት ከፈለ። ለአንደኛው ቡድን በወረቀት የተጻፈ ማስታወሻ ብቻ ተሰጠ፤ ለሁለተኛው የተለመደ የስልክ ማስታወሻ ተጨመረለት፤ ሦስተኛው ደግሞ ሁለተኛው መርፌ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚያስረዳ የስልክ መልእክት ደረሰው። ሁለተኛውን መርፌ የወሰዱት በቅደም ተከተል 57.1፣ 66.7 እና 72.7 ከመቶ ሆኑ። ከወረቀቱ ጋር ሲነጻጸር ወደ 16 ነጥብ የሚጠጋ ልዩነት ነው።

የሁለቱ ሙከራዎች ርቀት ብዙ ያስረዳል። ለሁለተኛው መርፌ የሚጠሩት ወላጆች አንድ ጊዜ መጥተዋል፤ ክትባቱን ተቀብለዋል፤ የቀራቸው መመለስ ብቻ ነው። የሚያስፈልጋቸው ቀንና ምክንያት ነበር፣ መልእክቱ ሁለቱንም ሰጣቸው። በመጀመሪያው ሙከራ ግን ዘግይቶ የሚመጣው፣ የሚያመነታውና ከነጭራሹ የማይፈልገው በአንድ ዝርዝር ውስጥ ተደባልቀዋል። ማስታወሻ የሚሠራው ፈቃዱ ባለበት ሰው ላይ ነው ማለት ይቻላል፤ ፈቃዱ የሌለውን ሰው አያሳምንም።

እንግዲህ ቃላቱን ማሳመር አይረዳም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሳል። የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲዋ ካትሪን ሚልክማን የመሩት ቡድን ይህንን በስፋት ፈትኗል። በ2021 የታተመው ጥናት 47,306 ሰዎችን በዕጣ ለ19 የተለያዩ መልእክቶች መደበ። ተሳታፊዎቹ የሐኪም ቀጠሮ የነበራቸው አዋቂዎች ናቸው፤ ውጤቱን ለወላጆች እንዳለ ማዋል ስለዚህ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በአማካይ ሽፋኑ በ2 ነጥብ ገደማ ጨመረ። ከሁሉ የበለጠው ክትባቱ «በስምዎ ተይዟል» የሚል መንፈስ ያለው መልእክት ሲሆን ጭማሪው ከ4 ነጥብ ተኩል በለጠ። ቀለል ያለ፣ የወዳጅ ወሬ የመሰለ፣ ተቀባዩን ጨዋታ ውስጥ ለማስገባት የሞከረ መልእክት ግን ብዙም አልሠራም፤ ሰው ከሐኪም ቤት የሚጠብቀው የሐኪም ቤት ቋንቋ ነው። በመድኃኒት ቤት ደንበኞች ላይ ከ680,000 በላይ ሰዎችን ይዞ የተሠራው ተከታዩ ጥናትም አንደኛ ያወጣው ክትባቱ እየጠበቀዎት ነው የሚለውን ነው። ውጤቱን ገምቱ የተባሉት ባለሙያዎችም ሆኑ ተራ ሰዎች አሸናፊውን አላወቁትም። ይህ ለመልእክት አርቃቂዎች ትሕትና የሚያስተምር ነው፤ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ የትኛው ዐረፍተ ነገር እንደሚሠራ በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው ግምቱን እየተናገረ ነው።

ከሚጎዱት አቀራረቦች አንዱ ደግሞ ሙግት ነው። የፖለቲካ ሳይንቲስቶቹ ብሬንዳን ናይሃንና ጄሰን ራይፍለር በ2015 ባሳተሙት ጥናት ከአሜሪካውያን 43 ከመቶ የሚሆኑት የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ራሱ ኢንፍሉዌንዛ ያስይዛል ብለው እንደሚያምኑ አገኙ። እርማቱ ሲነገራቸው እምነቱ ቀነሰ። ነገር ግን ቀድሞውንም የጎንዮሽ ጉዳት ይፈሩ ከነበሩት መካከል የመከተብ ፍላጎት አብሮ ወረደ። ያጡትን ምክንያት በሌላ ምክንያት የተኩ ይመስላል። አንድ አጭር መልእክት በሚይዘው 160 ፊደል ውስጥ ከሚያመነታ ወላጅ ጋር ክርክር መግጠም እንግዲህ ከንቱ ብቻ ሳይሆን አደገኛም ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄ ያለው ሰው መልስ የሚሰጠው ሰው ያስፈልገዋል፣ ስልኩም ቢሆን የሚያገለግለው ያንን ሰው ለመጥራት ነው።

የመልእክቱ ይዘት ብዙ ሲወራለት፣ ውጤቱን በአብዛኛው የሚወስነው ግን ሳይታይ ከጀርባ ያለው ሥራ ነው። መዝገቡ ካልተስተካከለ የተከተበውም ልጅ ወላጅ ይጠራል፤ ሁለት ጊዜ በስሕተት የተጠራ ወላጅ ሦስተኛውን አያነበውም። ድሃ ቤተሰብ የስልክ ቁጥሩን ቶሎ ቶሎ ይለውጣል፤ ክሊኒኩ ልጁ በመጣ ቁጥር ቁጥሩን ካልጠየቀ ማስታወሻው የሚደርሰው ለማያውቀው ሰው ነው። ሕጉም አለ፤ በአሜሪካ የ1991 የስልክ ተጠቃሚዎች ጥበቃ ሕግ ሰው ሳይፈቅድ በአውቶማቲክ መንገድ መልእክት መላክን ይገድባል፣ ተከስሶ የተረታ ላኪም ለእያንዳንዱ መልእክት ከ500 ዶላር ጀምሮ ሊከፍል ይችላል። የሕክምና ምስጢርም ስለሚጠበቅ መልእክቱ የልጁን ሙሉ ስምና የጤና ሁኔታ አይዘረዝርም።

ቋንቋ ራሱን የቻለ የቴክኒክ ጣጣ ያመጣል። አንድ አጭር መልእክት 160 የላቲን ፊደላትን ይይዛል፤ ነገር ግን በመሠረታዊው የፊደል ሠንጠረዥ የሌለ አንድ ምልክት ሲገባበት መላው መልእክት ወደ ሌላ አጻጻፍ ይዞርና መጠኑ ወደ 70 ይወርዳል። ስፓኒሽ ላይ ችግሩ ይታያል፤ ኤን ላይ ሰረዝ ያለበት ፊደል (ñ) በሠንጠረዡ ውስጥ ሲኖር፣ ኤ ላይ ጭረት ያለበት (á) ግን የለም። በግዕዝ ፊደል የሚጻፍ መልእክት ደግሞ ሁልጊዜም 70 ነው። አንዱ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም አብሮ ስለሚይዝ ጉዳቱ የሚመስለውን ያህል አይደለም፤ ቢሆንም ቀን፣ ቦታ፣ ሰዓትና ምክንያት በአንድ መልእክት ለማስገባት የሚሞክር ሰው ቁጠባ ይማራል። በዋሺንግተን ዲሲ የ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችሉ ነዋሪዎች በቋንቋቸው እንዲያገለግሉ ያስገድዳል፤ አማርኛም አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። በእንግሊዝኛ የተላከ ማስታወሻ ልጁ የሚያነበው፣ እናቱ ግን የማታነበው መልእክት ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ከመዝገቡና ከቋንቋው ሌላ ደግሞ በሩ አለ። የኒውዮርኩ መልእክት ቅዳሜ የሚከፈት ክሊኒክ ነበረው። ወላጅ ማስታወሻ ደርሶት ሲደውል የሚነገረው የሚቀርበው ቀጠሮ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው ከሆነ፣ ወይም ክሊኒኩ የሚዘጋው እሱ ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት ከሆነ፣ መልእክቱ ያነሳሳው ፈቃድ እዚያው ይሞታል። ብሪታንያ በዚህ ረገድ የተለየ መንገድ መርጣለች፤ ከ2013 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ በተዘረጋው ፕሮግራም የተማሪዎች ክትባት የሚሰጠው በአብዛኛው በትምህርት ቤት፣ በአፍንጫ በሚረጭ መልክ ነው። ወላጁ የሚጠየቀው ፈቃዱን እንዲሰጥ እንጂ ልጁን እንዲያመጣ አይደለም። ማስታወሻ ከመላክ ይልቅ መንገዱን ማሳጠር የተሻለ እንደሆነ የሚከራከር ሰው ጠንካራ ማስረጃ በእጁ አለ።

ከፍ ያለ ሽፋን ባለበት ቦታ የማስታወሻ ጥቅም ይጠባል። ዴንማርክ በ2022 መፀው ከ960,000 በላይ ለሆኑ አረጋውያን በኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ባደረገችው ሙከራ ደብዳቤ ካልደረሳቸውም 80 ከመቶ የሚሆኑት ተከትበው ነበር፤ ከሁሉ የተሻለው ደብዳቤ የጨመረው ከአንድ ነጥብ ያነሰ ነው። ሊመጣ የሚችለው ሰው ሁሉ መጥቶ ካለቀ የቀረው ወይ መንቀሳቀስ የማይችል ወይ የማይፈልግ ነው።

በአፍሪካ የተደረጉት ሙከራዎች የሚመለከቱት ኢንፍሉዌንዛን ሳይሆን መደበኛዎቹን የሕፃናት ክትባቶች ነው፤ በኢትዮጵያም የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በመደበኛው የክትባት ፕሮግራም ውስጥ የለም። ሆኖም የመዘግየት ጠባይ አንድ ስለሆነ ውጤታቸው ለዚህ ጉዳይ ይጠቅማል። በዚምባብዌ ካዶማ ከተማ በ2015 በታተመ ጥናት በ14ኛው ሳምንት የሚሰጠውን ክትባት ያገኙት መልእክት ከደረሳቸው 95 ከመቶ፣ ካልደረሳቸው 75 ከመቶ ነበሩ። በምዕራብ ኬንያ በ2017 የታተመው ሰፊ ሙከራ ግን ይህን ያህል አላበረታታም፤ ከንጽጽሩ መንደሮች ልጆች 82 ከመቶ ክትባታቸውን አሟልተው ሳለ መልእክት ብቻ የደረሳቸው 86 ከመቶ ሆኑ፤ በስታትስቲክስ አነጋገር የማያጠራጥር ልዩነት የታየው መልእክቱ ላይ ለእያንዳንዱ በጊዜው ለተወሰደ ክትባት 200 የኬንያ ሽልንግ ሲጨመርበት ብቻ ነው፤ ያኔ 90 ከመቶ ደረሰ። ሁለት ዶላር አለፍ የሚል ገንዘብ መጓጓዣ የሚሸፍን ከሆነ፣ የጎደለው ትውስታ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

በጎንደር ከተማ ከ400 በላይ እናቶችን ይዞ የተካሄደውና በ2021 የታተመው ሙከራ ከቀጠሮው አስቀድሞ የስልክ መልእክት በመላክ ተሠራ። ክትባታቸውን ያሟሉ ሕፃናት መልእክት ከደረሳቸው 83 ከመቶ ገደማ፣ ካልደረሳቸው 71 ከመቶ ገደማ ነበሩ። ሁሉንም በጊዜው የወሰዱት ደግሞ 63 እና 40 ከመቶ ገደማ ናቸው። እዚህም መልእክቱ ይበልጥ የረዳው በጊዜው በመድረስ ላይ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ቦታው ነው፤ ከተማ ነው፣ ጤና ጣቢያው ሩቅ አይደለም፣ ለጥናቱ የተመረጡት እናቶች ስልክ ያላቸው ናቸው። የ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር አቀፍ ደረጃ ከ12 እስከ 23 ወር ካሉት ልጆች መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ ያገኙት 39 ከመቶ ብቻ እንደሆኑ አሳይቷል፤ ከቀሩት ብዙዎቹ የሚገኙት ስልክ በባል እጅ በሆነበት፣ ኔትወርክ ኮረብታ ላይ ተወጥቶ በሚፈለግበት፣ እናት በማታነብበት ገጠር ነው። ለእነዚህ ቤቶች አስታዋሹ አሁንም ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው የተመደበችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። መልእክቱ ለእናቶች ሳይሆን ለእርሷ ቢላክ፣ ማለትም በዚህ ሳምንት የየትኞቹ ቤቶች ልጆች ቀጠሯቸውን እንዳሳለፉ ቢነግራት፣ ከስልኩ የሚገኘው ጥቅም ሳይበልጥ አይቀርም።

ወደ አሜሪካ ሲመለስ፣ የማስታወሻው ዘዴ በተስፋፋባቸው ዓመታት የሽፋኑ መስመር የሄደው ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው። በ2019 እና 2020 መካከል በነበረው ወቅት ከልጆች 63.7 ከመቶ የሚሆኑት የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ወስደው ነበር፤ ከኮቪድ ወረርሽኝ በኋላ ቁጥሩ ከዓመት ዓመት ወርዶ በ2025 ወደ ግማሽ ገደማ ደርሷል። በእነዚህ ዓመታት የወላጆች ስልክ በጤና መልእክት ተጨናንቋል፣ በክትባት ላይ ያለው አመኔታም የፖለቲካ ወገን ይዟል። ይህን መውረድ የመርሳት ውጤት ነው ማለት አይቻልም። ቁጥሩ የሚነግረው መዘግየት ብቻ የነበረው ቦታ እምቢታ እየገባበት መሆኑን ነው።

ስለዚህ በአራት ክሊኒኮች አራት ነጥብ ያህል የጨመረ መሣሪያ ከአሥር ነጥብ በላይ የወረደን ሽፋን ይመልሳል ብሎ መጠበቅ ስሌቱን መሳት ነው። መልእክቱ ርካሽ ስለሆነና ለሚዘገየው ወላጅ መሥራቱ ስለተረጋገጠ መላኩ መቀጠል አለበት፤ በተለይ ለሁለተኛው መርፌ ያልተመለሱትን ለመጥራት ከዚህ የተሻለ መንገድ ማግኘት ያስቸግራል። የሚጠራጠረውን ወላጅ በተመለከተ ግን በጀቱ መዋል ያለበት ለተጨማሪ መልእክት ሳይሆን ልጁን ለሚያውቀው ሐኪምና ነርስ፣ እንዲሁም ጥያቄውን ቁጭ ብለው ለመስማት ለሚያስፈልጋቸው ሩብ ሰዓት ነው።